ቮልሷን ባልቦላ አስተካክዬ ድምጿ ጠፋ፣ ጉልበቷም አብሮ ጠፋ

የአስተማሪው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በፈረንጅ 1967 ሞዴል ቮልስ አለችኝ፣ ባለ 1300 ሞተር። የአባቴ ነበረች፣ አስተማሪ ነበር። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ የቢሮ ሰራተኛ ነኝ። ግን ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ቺንጋ መቀየር በራሴ ነው። ጋራዥ ለመውሰድ ገንዘቡም ትዕግስቱም የለኝም። ባለፈው አንዱ ጋ ወስጃት ካርቡራተሩን ፈትቶ ሲገጥም ሁለት ብሎን ተረፈው። የተረፈውን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ልክ እንደ ሱቅ መልስ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከኋላ ቲክ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ በዛ። የልብስ ስፌት መኪና በሉት። የጠየቅኩት ሁሉ ባልቦላ (አየርና ቤንዚን የሚያስገባው፣ ጭሱን የሚያስወጣው የሞተር መዝጊያ) ነው አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከጫጫ ተመልሼ ግቢ አቆምኳትና ሳልውል ሳላድር ገባሁበት። ክዳኖቹን ከፍቼ፣ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካው ስስ ብረት) ክፍተታቸውን 0.15 ሚሊ ሜትር እያደረግኩ ስምንቱንም ጨረስኩ። እጄ ተቃጠለ እንጂ ስራው ያን ያህል አልከበደኝም። አስነሳኋት፣ ድምፁ ጭጭ! ሚስቴን ጠርቼ አሰማኋት። እሷም «ምንም አይሰማም» አለች፣ እኔም ኮራሁ።

ሰኞ ደብረ ሲና ጉዳይ ነበረኝ። መውረዱ ሰላም ነበር። ስመለስ ግን የጣርማ በር ዳገት ላይ ለመነችኝ። ሁሌ በሁለተኛ ማርሽ የምትወጣውን ቦታ በአንደኛ እያቃሰተች ነው የወጣችው። ዋሻው ጋ እስክደርስ ከኋላዬ ያለው አይሱዙ ጥሩንባውን አልለቀቀም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ስትሞቅ ትንሽ ይሻላታል።

ጎረቤቴ ባለ ዲኤክስ ነው። «0.20 በሙቀት ነው የሚደረገው፣ አጥብቀህባታል» ይላል። አንድ የድሮ መጽሐፍ ላይ ደግሞ 0.10 የሚል አየሁ። በሙቀት ነው በቀዝቃዛ? ቁጥሩስ የቱ ነው? ምን አጠፋሁ?

ዲኤክስ ብቻ (ደብረ ብርሃን)

ጎረቤትህ ልክ ነው። ባልቦላ በሙቀት ነው የሚስተካከለው። ብረት ሲሞቅ ያብጣል፣ መኪናው ደግሞ የሚሰራው ሞቆ ነው፣ ታዲያ ቀዝቃዛ ላይ መለካት ምን ያደርጋል? የኔ ዲኤክስ 4ኬ የሚባል ሞተር ነው ያላት፣ በደንብ አሙቄ የመግቢያውን ባልቦላ 0.20፣ የጭስ ማውጫውን 0.30 አደርጋለሁ። ስንት ዓመት እንዲሁ ነው የሄድኩት፣ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ሰፋ አድርግላት፣ ትድናለች። ባይሆን ሽጣትና ዲኤክስ ግዛ 😄

ጡረተኛው መካኒክ

ዲኤክስ ብቻ ያልከው ልጅ፣ ስለ ዲኤክስ የተናገርከው ትክክል ነው፣ 4ኬ በሙቀት ነው። ግን የዲኤክስ መድኃኒት ለቮልስ አይሰጥም። የድሮውን የአይሱዙ ኤንፒአር ብትከፍት ደግሞ ቀዝቅዞ 0.40 ነው፣ መግቢያውም የጭሱም። የዘመኑን ብዙ መኪና ብትከፍት ጭራሽ ማስተካከያ ብሎን የለውም፣ ወይ በዘይት ራሱን ያስተካክላል ወይ ስስ ብረት እየቀየርክ ነው። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ልክ አለው፣ «ባልቦላ እንዲህ ነው የሚስተካከለው» ብሎ ነገር የለም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ ልጄ። ቁጥሩን አልሳትክም፣ ሰዓቱን ነው የሳትከው። የቮልስ ባልቦላ የሚነካው ሞተሯ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ውሃ የላትም፣ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። ሲሊንደሮቹና ቴስታታው (ባልቦላዎቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ሲሞቁ ይረዝማሉ፣ ከታች ገፍቶ ሮከሩን (ባልቦላውን የሚጫነውን ክንድ) የሚያነሳው ዘንግ ግን የነሱን ያህል አይረዝምም፣ ስለዚህ ክፍተቱ ይሰፋል። አንተ ከጫጫ መጥተህ የሰፋውን ክፍተት ነው ለክተህ 0.15 ያደረግከው። ሌሊት የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲመታት ብረቱ ሁሉ ተሰበሰበ፣ ያንተ 0.15 ደግሞ የት እንደደረሰ እግዜር ይወቀው። ምናልባት 0.05፣ ምናልባት ዜሮ። ዜሮ ሆነ ማለት ባልቦላው ጨርሶ አይዘጋም ማለት ነው። ጠዋት የምትንቀጠቀጠው፣ ስትሞቅ የሚሻላት ለዚህ ነው።

የ0.10 ጉዳይ እውነት ነው። ያንተን ዘመን ሞተር የሚመለከቱ የድሮ ጽሑፎች 0.10 ይላሉ። በኋላ ፋብሪካው ራሱ ወደ 0.15 አሳደገው። አንተ 0.15 አድርግ፣ ለሁለቱም ዓይነት ባልቦላ።

ድምፁ ሲጠፋ መኩራትህ ግን አሳዝኖኛል 😂 ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታለለው። ትንሽ ቲክ ቲክ ማለት ለቮልስ ጤናዋ ነው። የላላ ባልቦላ ያስቸግርሃል፣ ይጮሃል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ግን ያንን የምታርምበት ጊዜ ይሰጥሃል። የጠበቀው ምንም አይልህም። የጭስ ባልቦላ ሙቀቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ተጭኖ ባረፈበት ጊዜ ነው። በደንብ ካልተቀመጠ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል፣ እሳቱም በጠርዙ በኩል እየሾለከ እንደ ካርቶን ይበላዋል። አንተ ደግሞ በዚያ ሁኔታ ጣርማ በርን አስወጥተሃታል።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። ዛሬ ማታ አቁማት፣ እስከ ነገ ጠዋት እንዳትነሳ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተህ ግባበት። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ትሁን፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ፣ ማርሽ አውጣ። የኋላውን ካነሳህ ደግሞ በክሪክ ብቻ እንዳትተማመን፣ ብሎኬትም እንዳትደግፍ፣ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት መደገፊያ ይሁን። ካንዴላዎቹን አራቱንም አውጣ፣ ሞተሩን በእጅ ማዞር ይቀልሃል፣ ቺንጋውም አይንሸራተትም። የማዞሪያው ዳዶ የዲናሞው ፑሊ ላይ ያለው ነው፣ የ21 ቁልፍ።

ከኋላ ቆመህ ሞተሯን ስታይ በቀኝህ ያሉት 1ኛና 2ኛ ናቸው፣ በግራህ 3ኛና 4ኛ። 1ኛና 3ኛ ወደ መኪናዋ ፊት የሚቀርቡት ናቸው። በእያንዳንዱ ቴስታታ ላይ ጫፍና ጫፍ ያሉት የጭስ ባልቦላ ናቸው፣ መሃል ያሉት ሁለቱ መግቢያ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሳና ውስጡ ያለው ሮተር ጠርዙ ላይ ወዳለችው ጭረት እስኪያይ አዙር፣ የታችኛው ትልቁ ፑሊ ላይ ያለው ምልክትም ሞተሩ ለሁለት የተገጣጠመበት መስመር ላይ ይምጣ። 1ኛው ነው። ግን ዲስትሪቢዩተሩን ከዚህ በፊት የነካ ሰው አዛንፎት ሊሆን ስለሚችል ዝም ብለህ አትመን፣ የ1ኛውን ሁለቱንም ሮከር በጣትህ ነቅነቅ አድርግ። ሁለቱም ትንሽ ከተንቀሳቀሱ ልክ ነህ። አንዱ ድርቅ ካለ ወይ ቦታው አይደለም ወይ ባልቦላው ራሱ አጥብቋል፣ ባንተ መኪና ደግሞ ሁለተኛው የማይቀር ነው፣ ስለዚህ ምልክቱንም ሮተሩንም ደግመህ እይ።

1ኛውን ስትጨርስ ፑሊውን ወደ ኋላ፣ ማለት ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ፣ ግማሽ ዙር አዙር፣ 2ኛ። ደግሞ ግማሽ ዙር፣ 3ኛ። ደግሞ፣ 4ኛ። ወደ ፊት ካዞርክ ቅደም ተከተሉ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፣ ጀማሪ እዚያ ላይ ይሳሳታል፣ ለዚህ ነው ወደ ኋላ የምልህ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሃለሁ። ምንም ከመንካትህ በፊት ስምንቱንም እንዳሉ ለካና ደብተር ላይ ጻፍ። ከዚያ ነው የምትነካው። ዳዶው የ13 ነው፣ ብሎኗ በካቻቢቴ። ዳዶውን ስታጠብቅ ብሎኗ አብራ ትዞርብሃለች፣ ስለዚህ በካቻቢቴ ይዘህ አጥብቅና እንደገና ለካ። 0.15 ትንሽ እየያዘ ይግባ፣ 0.20 አይግባ። እንደዚያ ከሆነ ጨርሰሃል።

ዲኤክስ ብቻ (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ ይቅርታ፣ ስለ ቮልስ አላውቅም ነበር። ብረት ሲሞቅ ክፍተቱ ይጠባል ብዬ ነው ያሰብኩት። ሽጣት ያልኩትን ግን አላነሳም።

እንስራ (ሸዋ ሮቢት)

እኔም ቮልስ ነው የምነዳው፣ ባልቦላውንም ራሴ ነኝ የማስተካክለው። ጋሼ ያሉት ላይ ጥቂት ልጨምር።

ፑሊው ላይ ግማሽ ዙሩን መገመት መከራ ነው፣ በተለይ ጭንቅላትህን ሞተሩ ውስጥ ከተህ። ከዋናው ምልክት በትክክል ተቃራኒ ያለውን ቦታ ለክተህ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርግበት። ቀይ ይሁን፣ በዘይትና በአቧራ ውስጥም ይታያል። ባለቤትህን ለምናት 😊

ሌላው ክዳኑ ነው። የክዳኑን ጎርኒሶን (ዘይት እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን ቡሽ) አዲስ አድርገው፣ ርካሽ ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ አሮጌውን መልሼ ገጠምኩት፣ ዘይቱ እየተንጠባጠበ የጭስ ቧንቧው ማሞቂያ ላይ ወረደ፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሞላብኝ። ልጆቼ ለሳምንት «እማዬ ዶሮ ወጥ አረረብሽ» እያሉ ሳቁብኝ። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት እንዳትቀባ፣ በሚቀጥለው ስትከፍት ተቀዶ ነው የሚወጣው። ክዳኑ በኩል ብቻ ትንሽ፣ ቴስታታው በኩል ግራሶ ይበቃዋል። ሽቦ መያዣውንም በመዶሻ አትምታው፣ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፋ ሲደረግ ይለቃል። ታች ማሰሮ ወይም ሳህን ማስቀመጥ እንዳትረሳ።

ጋሼ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚህ ሸዋ ሮቢት ጠዋትም ሞቃት ነው። እንደ ደብረ ብርሃን በረዶ የሆነ ሞተር እኔ አላገኝም። ችግር አለው?

ጡረተኛው መካኒክ

የለውም እህቴ። ቀዝቃዛ ሲባል ሌሊቱን አድሮ ሁሉም ብረት እኩል ሆኗል ማለት ነው። ዘይቱ ከ50 ዲግሪ በታች ይሁን ነው የሚባለው፣ እኔ ግን አድሮ ይሁን እላለሁ፣ አያከራክርም። የአንቺ ጠዋት ሞቃት ቢሆንም ሞተርሽ አድሮ ቀዝቅዟል።

የጥፍር ቀለሙን አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት በጠመኔ ስሰቃይ ኖሬያለሁ።

የአስተማሪው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰርቼዋለሁ። ግን ወሬው ጥሩ አይደለም።

ዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገባሁበት። ውርጩ ሳር ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፣ እኔ ደግሞ ከሷ ስር የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አንጥፌ ተኝቻለሁ። ጣቴ ደንዝዞ ፊለሩ ሁለት ጊዜ ዘይት ውስጥ ወደቀብኝ። እንዳሉኝ ሳልነካ ለካሁ። 1ኛ፣ 2ኛ እና 4ኛ ከ0.05 እስከ 0.10 መካከል ናቸው። የ3ኛው መግቢያ 0.10። የ3ኛው የጭስ ባልቦላ ግን 0.05ን ጭራሽ አላስገባም። ዜሮ። ሮከሩ ድርቅ ብሏል። ምልክቱን ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ቦታው ልክ ነው።

ሁሉንም 0.15 አደረግኩ። ካንዴላ መልሼ በእጄ ሳዞራት ሦስቱ ሲሊንደር ይታገሉኛል፣ 3ኛው ላይ ስትደርስ ለስላሳ ናት፣ ዝም ብላ ታልፋለች። ጆሮዬን ማርሚታው ጋ ሳደርግ እስስስ የሚል ትንፋሽ አለ። ቲክ ቲክ ደግሞ ቀስ ብሎ ተመልሷል፣ ስለዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ይሆን?

ጡረተኛው መካኒክ

በቲክ ቲኩ ደስ ይበልህ፣ በእስስሱ ግን አይበልህ።

ትንፋሹ በማርሚታ ከወጣ የጭስ ባልቦላው ነው የሚያሾልከው። በካርቡራተር ቢሆን መግቢያው ነበር። 3ኛው መሆኑም አላስገረመኝም። ያንተ ዓይነት የድሮ ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ለ3ኛው የሚሄደውን አየር ፊት ለፊት ዘግቶት ስለቆመ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይሞቃል። በፈረንጅ ከ1971 ሞዴል ወዲህ ማቀዝቀዣውን ወደ ጎን አውጥተውታል። ቮልስ የሚነዳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈራው 3ኛን ነው።

ኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚለካ) የሚያውስህ ሰው ካለ ለካው። ግን መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ጋ ካልደረሰ ብለህ እንዳትደነግጥ። የመጽሐፉ ቁጥር ለቆላ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ከሩብ በላይ ስስ ነው፣ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ስንት ጤነኛ ሞተር በዚህ ምክንያት «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል» ተብሎ ሲፈታ አይቻለሁ። አንተ አራቱን እርስ በርስ አወዳድር። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ በሽተኛው እሱ ነው።

ጥላሸት ተጣብቆበትም ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አትፍታው። ከተማ ውስጥ ብቻ ቀስ ብለህ 200፣ 300 ኪሎ ሜትር ንዳት። ጣርማ በር የሚባል ነገር እንዳላይ። ከዚያ አሳድረህ 3ኛውን እንደገና ለካ። 0.15 ላይ ከቆየ ተስፋ አለ። እንደገና ከጠበበ ግን ያንተ ጥፋት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ወይ ባልቦላው እየተለጠጠ ነው ወይ መቀመጫው እየተበላ ነው። የሚለጠጥ ባልቦላ አንድ ቀን አንገቱ ይበጠሳል፣ ሲበጠስ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ነው የሚሄድ። ብሎኗን እያላላህ እንዳታስታምመው።

እንስራ (ሸዋ ሮቢት)

ደብተሩ ላይ ኪሎ ሜትሩንም ጻፍ። እኔ ለያንዳንዱ ባልቦላ መስመር አለኝ፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይት ስቀይር አብሬ እለካለሁ። የትኛው ባልቦላ እንደሚሰንፍ ወረቀቱ ራሱ ይነግርሃል።

የአስተማሪው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። 280 ኪሎ ሜትር ነዳኋት፣ ቤት፣ ቢሮ፣ ገበያ። ዛሬ ጠዋት አሳድሬ ለካሁ። ሰባቱ 0.15 ላይ ናቸው። የ3ኛው የጭስ 0.05 ገብቷል። በ280 ኪሎ ሜትር!

የአባቴን ደብተር ደግሞ ፖርታ ባጋሊው ውስጥ አገኘሁት፣ ዘይት የቀየረበትን ሁሉ ጽፏል። ከጎኑ በእርሳስ «3 ጠበበ» የሚል ሁለት ቦታ አለ። ሰውየው ያውቅ ነበር፣ ለኔ ነው ያልነገረኝ።

አቁሜያታለሁ። ቴስታታውን ለማውጣት ሞተሩ መውረድ አለበት አይደል? ይሄን ራሴ እችላለሁ ወይስ አልችልም፣ እውነቱን ንገሩኝ።

ጡረተኛው መካኒክ

አዎ፣ መውረድ አለበት። ማውረዱን ትችላለህ። ሞተሯን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዟት አራት ብሎኖች ናቸው፣ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። መጀመሪያ ባትሪውን ፍታ፣ የቤንዚን ቱቦውን ድፈን፣ የጋዝ ገመዱን አውጣ፣ ሽቦዎቹ ላይ ምልክት እያደረግክ ንቀል። ግን ብቻህን አይሆንም፣ ሞተሩ ክሪክ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ሲሳብ የሚይዝልህ ሰው ያስፈልጋል። ባልቦላውን መቀየርና መቀመጫውን ማስተካከል ግን ማሽን ያለው ሰው ስራ ነው፣ ቴስታታውን ብቻ ይዘህ ሂድ። የጭሶቹን አራቱንም ቀይራቸው፣ አንዱ የደከመበትን መንገድ ሌሎቹም አብረው ሄደዋል።

ዲኤክስ ብቻ (ደብረ ብርሃን)

ክሪክ አለኝ፣ የጋራዥ ባለ ጎማ። ጉልበትም አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ ቡና አፍሉ። የዲኤክስን ስም አላነሳም፣ ቃሌ ነው።

የአስተማሪው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ና ወንድሜ። ቡናው አለ፣ ከፈለግክ ለብርዱ የሚሆን አረቄም ይኖራል፣ ሞተሩ ከወረደ በኋላ ግን። ብቻ ስንገጥም ብሎን እንዳይተርፍህ።